ካርበንን በኩንታል መቁጠር፦ ወጣት አርክቴክቶችን በአዲስ አበባ ዳርቻ ለማሠልጠን ዝርዝር መመሪያ

ስለ «አረንጓዴ ሕንፃ» የሚሰጡ ብዙ ሥልጠናዎች አንድ ችግር አለባቸው። ስላይዱ የተዘጋጀው በረዶ ለሚወርድበት አገር ነው። ስለ ማሞቂያ ማሽን ይወራል። ስለ ባለ ሦስት ንብርብር መስታወት ይወራል። ሠልጣኙ ሰርተፊኬቱን ይዞ ይወጣል። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ይገባና ቱሉ ዲምቱ ለሚሠራ ጂ ፕላስ 1 ቤት ያንኑ የለመደውን ፕላን ይስላል።

የእኛ ሁኔታ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ናት። በደንብ የታሰበ ቤት እዚህ ማሞቂያም ኤሲም አይፈልግም። የመብራት ኃይላችን ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ ነው። ታዲያ የአንድ ቤት ካርበን፣ ማለትም ቤቱ የሚያስከትለው አየሩን የሚያሞቅ ካርበን ዳይኦክሳይድ፣ የት ነው ያለው? አብዛኛው ገና ሰው ሳይገባበት በሲኖትራክ ተጭኖ ሳይት ይደርሳል፦ በሲሚንቶው፣ በፌሮው፣ በአሉሚኒየሙ፣ በመስታወቱ። ይህን መቀነስ የሚችለው ደግሞ ፕላኑን የሚስለው ሰው ነው። ስለዚህ እኔ የምመክረው ሥልጠና ከሁሉም በፊት ቆጠራ የሚያስተምር ነው።

መመሪያው ጥቂት ጀማሪ አርክቴክቶች ላሉት ቢሮ፣ ለኮሌጅ መምህር ወይም ለባለሙያ ማኅበር ይሆናል። ስምንት ቅዳሜዎች ይበቃሉ።

ቅድመ ዝግጅት

ጊዜውን ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ውስጥ አድርጉት። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ የአፈር ጡብ ይደርቃል። በክረምት የምትጀምሩ ከሆነ ግማሹን ጊዜ ሸራ ሥር ቆማችሁ ታሳልፋላችሁ።

የሠልጣኙ ቁጥር ከስምንት አይብለጥ። ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለቱ ይሠራሉ፣ የቀሩት ፎቶ ያነሳሉ።

ሁለት ቦታ ያስፈልጋችኋል። አንደኛው በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ አካባቢ፣ በግንባታ ላይ ያለ ቤት ይሁን። እዚያ ያለው መሬት ጥቁር አፈር ስለሆነ ብዙ ያስተምራል። ሁለተኛው ወደ ቡራዩ ወይም ወደ ሱሉልታ፣ ሰው የሚኖርበት የቆየ ጭቃ ቤት ያለበት መንደር ይሁን። የባለቤቶቹን ፈቃድ ቀድማችሁ ጠይቁ። ፎርማኑንም እንዲሁ፤ ባለቤቱ ፈቅዶ ፎርማኑ ካኮረፈ ቀኑ ከንቱ ነው።

ዕቃው ርካሽ ነው። ሜትር፣ የወጥ ቤት ሚዛን፣ አራት ተራ ቴርሞሜትር፣ ክዳን ያላቸው ባዶ የማር ብልቃጦች፣ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት፣ ባልዲ፣ ደብተር። ሔልሜትና ጫማ ለሁሉም። ላፕቶፕ እስከ አራተኛው ቅዳሜ ቢሮ ይቆይ።

አንድ ነገር ሳልናገር አልለፍ። ምርጊት የሚያሳዩአችሁን ሰዎች፣ ግንበኛውን፣ ፌራዮውን የቀን ሒሳባቸውን ክፈሏቸው። እውቀታቸውን «ለትምህርት ነው» እያሉ በነፃ መውሰድ ነውር ነው።

አንደኛው ቅዳሜ፦ ሳይት ላይ መዋል

ሠልጣኞቹን በግንባታ ላይ ወዳለው ቤት ውሰዱና ለእያንዳንዱ አንድ ማቴሪያል ስጡት። አንዱ ሲሚንቶ፣ አንዷ ፌሮ፣ ሌላው ብሎኬት፣ ሌላዋ አሸዋ። ሥራቸው ዕቃው ከየት እንደመጣ፣ በምን እንደመጣ፣ ስንት እንደሆነ፣ ስንቱ እንደተበላሸ ማወቅ ነው። መልሱ የሚገኘው ከፎርማኑ፣ ከዘበኛውና ከሾፌሩ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ሶሌታ ስንት ሲሚንቶ በላ?» የሚለውን ጥያቄ ጮክ ብለው ይጠይቁ፤ ሶሌታ የፎቁ ወለል አርማታ ነው። ፎርማኑ ወረቀት ሳያይ በኩንታል ይመልሳል። ከዚያ ወደ አርክቴክቱ ዞር በሉና «አንተስ በሣልከው ቤት ስንት ሄደ?» በሉት። ዝም ይላል። ያ ዝምታ ለሥልጠናው ጥሩ መነሻ ነው፤ ብዙ አታብራሩት።

የሚሰበሰበው ወሬ ይህን ይመስላል። ሲሚንቶው ከሙገር፣ ከደርባ ወይም ከለሚ በኩል ነው። ለብሎኬቱ የሚሆነው ቀይ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ከቢሾፍቱ አካባቢ፣ ፑሚሱ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ከስምጥ ሸለቆ በኩል ይመጣል። ጠጠሩ ከቅርብ ካባ ነው። ፌሮው ወይ በጅቡቲ የገባ ነው፣ ወይ እዚሁ ቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የተሠራ። ይህን የፌሮ ልዩነት አስምሩበት፤ በኋላ ሒሳቡን ይለውጠዋል።

ከመውጣታችሁ በፊት አሸዋውን ፈትሹ። በብልቃጥ ግማሽ አሸዋ፣ ከዚያ ውኃ፣ ጥቂት ጨው፣ መነቅነቅ፣ ማስቀመጥ። ጭቃው ከላይ ይሰፍራል። ከ6 በመቶ በላይ ከሆነ አሸዋው መታጠብ አለበት። ለምን ይህን አርክቴክት ይማራል? ቆሻሻ አሸዋ ሲመጣ ፎርማኑ ጥንካሬውን ለማካካስ ሲሚንቶ ይጨምራል። ጭማሪውን ማንም ወረቀት ላይ አይጽፈውም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቅዳሜ፦ የካርበን ወረቀት

የሥልጠናው ልብ እዚህ ነው። አትቸኩሉ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የዕቃው ክብደት በኪሎ፣ ሲባዛ በዕቃው የካርበን ቁጥር። አማካይ ቁጥሮቹ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቁ ናቸው። ለመነሻ እነዚህ ይበቃሉ፤ ሁሉም በአንድ ኪሎ ዕቃ ስንት ኪሎ ካርበን ዳይኦክሳይድ እንደሚወጣ የሚያሳዩ ናቸው፦

ኦፒሲ (ተራ ፖርትላንድ) ሲሚንቶ 0.9 ግድም።
ፒፒሲ (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተቀላቀለበት) ሲሚንቶ 0.7 ግድም።
ከማዕድን የተሠራ ፌሮ 2 ግድም፤ ከቁርጥራጭ ብረት የተሠራ ከ1 በታች ሊወርድ ይችላል።
መስታወት 1.4 ግድም።
አዲስ አሉሚኒየም ከ10 በላይ፤ እኛ በ12 እናስላ።

ሲሚንቶ ለምን እንዲህ ሆነ ብለው ይጠይቃሉ። የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ድንጋዩ ራሱ ጋዙን ይለቃል። ክሊንከር (ተቃጥሎ የሚወጣውና ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ጠጠር) ሲመረት ከሚወጣው ካርበን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከዚህ ነው፤ የቀረው ከድንጋይ ከሰሉና ከሌላው ነዳጅ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው በሙሉ በመብራት ቢሠራ እንኳ ችግሩ አይጠፋም። ፒፒሲ የተሻለው የተወሰነውን ክሊንከር በፑሚስና በመሰል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሚተካ ነው። ይህ ድንጋይ ደግሞ በአገራችን ሞልቷል።

አሁን አንድ ምሳሌ አብራችሁ ሥሩ። 100 ካሬ ሶሌታ ውሰዱ። ውፍረቱ 20 ሳንቲም ከሆነ 20 ኪዩብ አርማታ ነው። በኪዩብ 3.5 ኩንታል ሲሚንቶ ብንል 70 ኩንታል ይሆናል። ውፍረቱ ወደ 15 ሳንቲም ቢወርድ 15 ኪዩብ፣ 52.5 ኩንታል። ልዩነቱ 17.5 ኩንታል ነው፤ በካርበን ወደ 1.6 ቶን ግድም። በብር ስንት እንደሆነ ሠልጣኙ በዕለቱ ዋጋ ራሱ ያስላ።

ፌሮውንም ጨምሩ። በኪዩብ 80 ኪሎ ብንወስድ ለ15 ኪዩቡ 1,200 ኪሎ ነው፤ 2.4 ቶን ካርበን። ፌራዮዎች የሚጠቀሙባትን ቀመር አስተምሯቸው፦ ዲያሜትሩን በሚሊ ሜትር ወስዶ፣ በራሱ አባዝቶ ለ162 ማካፈል። ባለ 12 ፌሮ 144 ሲካፈል ለ162፣ በሜትር 0.89 ኪሎ ይሆናል። አብዛኛው አርክቴክት ይህን አያውቅም፤ ፌራዮው ግን ተኝቶም ያሰላዋል።

ቀጥሎ የሚያስደነግጠው ይመጣል። 30 ካሬ የአሉሚኒየም መስኮት ያለው ሳሎን አስቡ። ፍሬሙ በካሬ 7 ኪሎ ቢመዝን 210 ኪሎ አሉሚኒየም ነው። በ12 ሲባዛ 2.5 ቶን። የሶሌታው ፌሮ በሙሉ ከሚያወጣው ጋር እኩል ነው ማለት ነው፤ መስታወቱ ገና አልተቆጠረም። ሠልጣኞች ስለ ሲሚንቶ ሰምተዋል። ስለ መስኮቱ ግን የነገራቸው የለም። ያንኑ መስኮት ኤልቲዜድ በሚባለው የመስኮት ፍሬም ብረት ወይም በእንጨት አስበው ያወዳድሩ፤ ኤልቲዜዱን ራሳቸው ይመዝኑት።

ስለ መጓጓዣም አንድ ሒሳብ አለ። በከባድ መኪና አንድ ቶን ዕቃ አንድ ኪሎ ሜትር ሲሄድ 0.1 ኪሎ ካርበን ግድም ይወጣል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ በመኪና 900 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ስለዚህ አንድ ቶን ፌሮ ከወደቡ እዚህ እስኪደርስ 90 ኪሎ ያወጣል። አንድ ኩንታል ኦፒሲ ሲሚንቶም 90 ኪሎ ነው። ያን ያህል መንገድ ከአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ጋር እኩል! በኤሌክትሪክ ባቡሩ ከመጣ ደግሞ ከዚህም ያንሳል። «የአገር ውስጥ ዕቃ ተጠቀሙ» የሚለው ምክር ለሥራ ዕድልና ለውጭ ምንዛሪ ጥሩ ነው። ለካርበን ግን ከርቀቱ ይልቅ የዕቃው ዓይነትና ብዛት ይበልጣል። ሠልጣኙ ይህን በራሱ እጅ ካላሰላው አያምንም።

የቤት ሥራ፦ እያንዳንዱ ከዚህ በፊት የሣለውን አንድ ቤት ወስዶ የካርበን ወረቀቱን ይሙላ። አንድ ገጽ ይበቃል። መሠረት፣ ኮለንና ቢም፣ ሶሌታ፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ በርና መስኮት፣ ልስንና ወለል። በመጨረሻ ጠቅላላውን ለካሬ ሜትር ያካፍል። ሥልጠናው እስኪያልቅ የሚወዳደረው ከዚህ ቁጥር ጋር ነው።

በኮምፒውተር መሥራት ለሚፈልግ፣ የዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን ኤጅ የተባለ ነፃ የኢንተርኔት መሣሪያ አለው። በኃይል፣ በውኃና በማቴሪያል ቢያንስ 20 በመቶ ቁጠባ ማሳየትን ይጠይቃል። ጥሩ ነው። ግን ከእጅ ቆጠራው በኋላ ይምጣ፤ አለበለዚያ ሳጥን መሙላት ብቻ ይሆናል።

አራተኛው ቅዳሜ፦ ፀሐይና ቴርሞሜትር

አንድ ሜትሩን እንጨት ክፍት ቦታ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። በየግማሽ ሰዓቱ የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት አድርጉ። ጥላው በጣም የሚያጥረው ከ6 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል ባለው ውስጥ ነው። በታኅሣሥ 12 አካባቢ ጥላው ወደ ሰሜን 64 ሳንቲም ይሆናል። በሰኔ 14 አካባቢ ቢለካ ኖሮ ወደ ደቡብ ዞሮ 26 ሳንቲም ብቻ ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን? ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ በደቡብ በኩል ናት። ብርዱ የሚበረታባቸው ወራት በሙሉ እዚያ ውስጥ ይወድቃሉ። ስለዚህ ቤቱ በርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢተኛ፣ ዋናዎቹ መስኮቶች ወደ ደቡብና ወደ ሰሜን ይሆናሉ። ደቡቡ በብርድ ጊዜ ሙቀት ያስገባል። ጠዋት ቶሎ መሞቅ ያለበት መኝታ ቤት ምሥራቅን ይያዝ። ምዕራብ ላይ መስኮት ጠበብ ይበል፤ ከሰዓት በኋላ ያለችው ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ ከላይ ያለ ጥላ አያስቆማትም።

የጥላውን ልክ ያስሉ። በታኅሣሥ እኩለ ቀን 60 ሳንቲም የወጣ የጣሪያ ክንፍ የደቡብ መስኮትን 94 ሳንቲም ያህል ያጠላል። ለሳሎን ይህ ይበዛል እንጂ አያንስም። ሌላ አገር የታተመ መጽሐፍ ያነበበ ሠልጣኝ ጥላ ማብዛት ይወዳል። እዚህ በታኅሣሥ ጠዋት ቤት ውስጥ ጋቢ ደርቦ የሚቀመጥ ሰው እንዳለ አስታውሱት።

አሁን ቴርሞሜትሮቹ። አንዱን ጭቃ ቤት ውስጥ፣ አንዱን ኮርኒስ በሌለው የብሎኬትና የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ አንዱን ኮርኒስ ባለው የብሎኬት ቤት ውስጥ፣ አራተኛውን ውጭ ጥላ ላይ አንጠልጥሉ። የቤቱ ሰዎች ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ላይ ያነበቡትን በወረቀት ይጻፉላችሁ። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል። በበጋ የውጩ ሙቀት ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ወርዶ ቀን ከ20 በላይ ይወጣል፤ ሱሉልታ ላይ ውርጭም አለ። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ይህን ልዩነት ያለዝበዋል። ባዶ ቆርቆሮ ግን ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ያንቀጠቅጣል። ኮርኒስ ብቻ መጨመር ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ሠልጣኞቹ ከወረቀቱ ያዩታል።

እግረ መንገዳችሁን ባለቤቷን አነጋግሩ። «እማማ፣ ክረምት ላይ የትኛው ግድግዳ ነው የሚያስቸግርዎት?» በሏቸው። የትኛው ጥግ እንደሚረጥብ፣ ምስጥ ከየት እንደገባ፣ ምርጊቱ መቼ እንደታደሰ ይነግሯችኋል። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም።

አምስተኛውና ስድስተኛው ቅዳሜ፦ አፈር

አፈርን ሳይነኩ ስለ አፈር ቤት መንደፍ አይቻልም።

መጀመሪያ ከሁለቱም ቦታ አፈር አምጡ፤ ከቱሉ ዲምቱ ጥቁሩን፣ ከእንጦጦ ግርጌ ወይም ከቡራዩ በኩል ቀዩን። የላዩን ሥር ያለበትን ንጣፍ አንስታችሁ ከሥሩ ቆፍሩ። የብልቃጡን ፍተሻ አድርጉ፦ ሲሶውን አፈር፣ የቀረውን ውኃ፣ ቁንጥር ጨው፣ መነቅነቅ። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይሰፍራል። ደለሉ ቀስ ይላል። ሸክላው እስከ ማግስቱ ይቆያል። በማስመሪያ ለክታችሁ በመቶኛ ጻፉ። ለተጨመቀ ጡብ የሚሻለው አብዛኛው አሸዋ ሆኖ ሸክላው ከ10 እስከ 25 በመቶ የሆነ አፈር ነው።

ሁለተኛው ፍተሻ የሳጥን ነው። 60 ሳንቲም ርዝመት፣ 4 ሳንቲም ወርድ፣ 4 ሳንቲም ጥልቀት ያለው የእንጨት ሳጥን አሠሩ። ውስጡን ዘይት ቀቡ። በእርጥብ አፈር ሞልታችሁ አድርቁ። ቀዩ አፈር በመጠኑ ይሸሻል። ጥቁሩ ግን ተሰነጣጥቆ ቁርጥራጭ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሠልጣኞቹን ወደ መሠረት ጥያቄ መልሷቸው። ይህ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው በደቡብና በምሥራቅ ዳር ያለ ቤት ጥቁሩን አፈር አስቆፍሮ፣ ሰለክት (የተመረጠ የመሙያ አፈር) አስሞልቶ፣ ወፍራም መሠረት የሚፈልገው። ባለቤቱ ከምድር በታች የሚቀብረው ካርበን ቀላል አይደለም። ቤቱን ማቅለል፣ ፕላኑን ማጥበቅና ቤዝመንትን መተው እዚህ ትልቅ ቁጠባ ነው።

ቀጥሎ በእጅ መጭመቂያ ጡብ ሥሩ። ሲሚንቶው ከ5 እስከ 8 በመቶ ይሁን። ውኃው ልኩን ለማወቅ አንድ እፍኝ ጨብጣችሁ ከትከሻ ከፍታ ልቀቁት። አራት አምስት ቦታ ከተሰበረ ልክ ነው። ከተበተነ ደርቋል፤ ከተለጠፈ ረጥቧል። ጡቡ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት እርጥብ ይቆይ፤ እስከ 28 ቀን ድረስ ለጭነት አይቸኩልበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈውን ሒሳብ አሠሯቸው። 14 ሳንቲም ውፍረት ያለው አንድ ካሬ የአፈር ጡብ ግድግዳ ወደ 270 ኪሎ ይመዝናል። 6 በመቶ ሲሚንቶ ከሆነ 16 ኪሎ ነው። 10 በመቶ ከሆነ 27 ኪሎ። አሁን ብሎኬቱን አስቡ። ከአንድ 50 ኪሎ ከረጢት 30 ብሎኬት ከወጣ፣ ለአንድ ካሬ የሚያስፈልገው 12 ተኩል ብሎኬት 21 ኪሎ ሲሚንቶ ይዟል። አያችሁ? ግንበኛው «እንዲጠነክር» ብሎ ሲሚንቶውን ካበዛው፣ የአፈር ጡቡ ከብሎኬቱ ብሷል። ትክክለኛው ትርፍ የሚገኘው ሲሚንቶው ሲያንስና ግድግዳው ሳይለሰን ሲቀር ነው። ሁለት ወገን ልስን በቀላሉ ሌላ 14 ኪሎ ሲሚንቶ ይጨምራል። አፈር ስለሆነ ብቻ ጥሩ ነው የሚል ሰው አልቆጠረም ማለት ነው።

ሲሚንቶ ጨርሶ የሌለበትን ደግሞ ምርጊት ያሳያል። አንድ ካሬ የባሕር ዛፍ ማገር አሠሩና የጤፍ ጭድ ያለው ጭቃ ለቀናት ይቡካ። ሠልጣኞቹ ጫማቸውን አውልቀው ይርገጡት። ባለሙያዋ በእጇ መዳፍ ስትመታው ጭቃው ማገሩን አልፎ ከወዲያ በኩል ሲጨብጥ ቀረብ ብላችሁ እዩ። ግድግዳው የሚይዘው በዚያ ጭብጥ ነው። አርክቴክቱ የማገሩን ክፍተት ስንት ላድርግ ብሎ ሲጨነቅ መልሱ እዚያው አለ፦ የአንድ እጅ ጭቃ የሚያልፍበት ያህል።

የአፈር ግድግዳ ጠላቱ ውኃ ነው። የድንጋይ መሠረቱ ከመሬት 40 ወይም 50 ሳንቲም ከፍ ይበል። የጣሪያው ክንፍ 60 ሳንቲም ወይም ከዚያ በላይ ይውጣ። ይህ ከተሟላ ጭቃ ቤት ብዙ ይኖራል፤ ካልተሟላ አንድ ክረምት ይበቃዋል።

በዘመናዊ መልኩ የተሞከረም አለ። በተለምዶ ሕንፃ ኮሌጅ በምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድን እርዳታ በተመሠረተው የልደታው ተቋም ግቢ፣ ከዙሪኩ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ጋር በትብብር በተጠቀጠቀ አፈርና በጡብ ቅስት የቆመ ባለ ሁለት ደረጃ የሙከራ ቤት ተሠርቶ ነበር። ሥዕሎቹን ፈልጋችሁ አሳዩአቸው። ከተማው ውስጥ የአፈር ቤት ፎቅ ሊወጣ እንደሚችል ማየታቸው ጥሩ ነው።

ሰባተኛው ቅዳሜ፦ ያንኑ ቤት እንደገና መሣል

ሁሉም በሁለተኛው ቅዳሜ የቆጠረውን ቤት አውጥቶ እንደገና ይንደፍ። ክፍሎቹ ያው ይሁኑ፤ የባለቤቱ ፍላጎት አይነካ። የሚቀነሰው ዕቃው ነው።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ «ይህ መሠራት አለበት ወይ?» ይጠየቅ። ግቢው ውስጥ ያለው አሮጌ ሰርቪስ ቤት ቢታደስስ? የማይገባበት ሁለተኛ ሳሎን ቢቀርስ? ያልተሠራ ካሬ ካርበኑ ዜሮ ነው።

ከዚያ የኮለን ርቀት። የቢም ጭነት ከርቀቱ ጋር በእኩል አያድግም። ከ4 ሜትር ወደ 6 ሜትር ሲሄድ ርቀቱ በግማሽ ይጨምራል፤ ቢሙ የሚሸከመው የመታጠፍ ኃይል ግን ከእጥፍ አልፎ 2.25 ጊዜ ይሆናል። ይህን የሚወስነው አርክቴክቱ ነው፤ ያውም በመጀመሪያው ቀን በስኬች ወረቀት። ኢንጂነሩ በኋላ የሚያደርገው ፌሮ መጨመር ብቻ ነው። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል እንደሚባለው፣ ፕላኑ ከጸደቀ በኋላ ኮለን አንቀሳቅሱ ቢባል ማንም አይሰማም። የላይኛው ፎቅ ኮለን ከታችኛው ጋር ይግጠም። የመታጠቢያ ክፍሎች ይደራረቡ።

ቀጥሎ ሶሌታው። ብሎኬት የሚገባበት ሪብ ሶሌታ በኮንዶሚኒየሞቹ በስፋት ተሠርቷል፤ ግንበኞቻችን ያውቁታል፤ ከሙሉ አርማታ ያነሰ ኮንክሪት ይበላል። ከዚያ ሲሚንቶው፦ ለግንብ፣ ለልስን፣ ለሊሾ ፒፒሲ ይጻፍ። ለአርማታም ኢንጂነሩ ከተስማማ ይሆናል። ግን ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ፎርም ወርኩ (አርማታው የሚፈስበት ቅርጽ) ቶሎ እንዳይነሳና ውኃ ማጠጣቱ ቢያንስ አሥር ቀን እንዲቆይ ሥዕሉ ላይ ይጻፍ። ፎርማን «ነገ ይፈታል» ሲል ማስቆሚያው ያ ጽሑፍ ነው።

በመጨረሻ በርና መስኮት። መርካቶ ያለውን የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ምናለሽ ተራን፣ ሳያዩ መስኮት አይሣል! ከፈረሱ ቤቶች የወጡ የጽድና የዋንዛ በሮች፣ የብረት መስኮቶች፣ ወፍራም ቆርቆሮዎች እዚያ አሉ። ልኩን ወስዶ ቀዳዳውን በዚያ መሠረት መንደፍ ይቻላል። ከተለመደው የተገላቢጦሽ ነው፤ ሠልጣኞች መጀመሪያ ይቃወማሉ፣ በኋላ ይወዱታል።

ጣሪያ ላይ ሣር የሚሥል ሠልጣኝ ሁልጊዜ አይጠፋም። አትሳቁበት። ሣሩን፣ አፈሩንና ውኃውን እንዲሸከም ሶሌታው ስንት ሳንቲም እንደሚወፍር ብቻ አስሉት።

ኢንጂነር በዚህ ቅዳሜ የግድ ይገኝ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው ርዕደ መሬት አዲስ አበባ ላይ ተሰምቷል። ስለዚህ ዕቃ መቀነስ ማለት ጥንካሬ መቀነስ እንዳይሆን እየተፈተሸ ይሄዳል። የአፈርም ይሁን የብሎኬት ግድግዳ ዙሪያውን የሚያስር ቢም ያስፈልገዋል። እሱን የሚሰርዝ ቁጠባ አይፈቀድም።

ስምንተኛው ቅዳሜ፦ ባለቤቱን ማሳመን

ጥሩ ዲዛይን የሚሞተው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ከእናንተ አንዱ ባለቤት ሆኖ ይቀመጥ። ቆፍጠን ያለ፣ ገንዘቡን ለፍቶ ያገኘ ሰው ይሁን። ሠልጣኙ አዲሱን ፕላን ያቅርብ።

«ልጄ፣ ጭቃ ቤትማ አያቴም ነበራት። ከዚያ ለመውጣት ነው የለፋሁት።»

ይህ ንግግር እውነት አለው፤ ሠልጣኙ ሊከራከረው አይገባም። «ልክ ነዎት ጋሼ። ክረምቱ ምርጊቱን ሲያጥበው እርስዎ ነዎት ያዩት። እኔ ያመጣሁት እርስዎ ባሉት ቤት ላይ ሲሚንቶው በ17 ኩንታል ተኩል ያነሰበትን ነው። ይኸው ወረቀቱ» ይበል። ካርበን የሚለው ቃል በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች አይነሳ። ብር፣ የሌሊት ሙቀት፣ የጥገና ወጪ፣ የሥራው ፍጥነት ይቅደሙ። ቴርሞሜትሩ ላይ የተመዘገበውን ወረቀት ያሳዩ፤ ከማንኛውም ስላይድ ይበልጣል።

ባለቤቱ «የጎረቤቴ ሙሉ መስታወት ነው» ካለ፣ ሠልጣኙ መስኮቱን በሙሉ አይከልክል። የደቡቡን ይስጥ፣ የምዕራቡን ይከራከር። ሁሉን ላሸንፍ የሚል አርክቴክት ሥራውን ያጣል።

ግምገማና ክትትል

ሠልጣኙን በሥዕሉ ውበት አትመዝኑት። ሁለት ወረቀት ያቅርብ፦ የቀድሞውንና የአሁኑን። በካሬ ሜትር ስንት ኪሎ ወረደ? ከየትኛው ውሳኔ? እያንዳንዱን ቁጥር ከየት እንዳመጣው ይጠየቅ። ቁጥሩ ትንሽ ወርዶ ምክንያቱን በግልጽ የሚያስረዳ፣ ግማሽ በግማሽ ቀነስኩ ብሎ ከሚንተባተብ ይሻላል።

ከተሠራ በኋላም አንድ ጊዜ ተመለሱ። በእውነት የገባው ሲሚንቶ ከደረሰኝ ላይ ይቆጠርና ከወረቀቱ ጋር ይተያይ። ልዩነት ይኖራል፤ ብዙውን ጊዜ በብክነትና በመሠረት ነው። የሚቀጥለው ቤት ሲቆጠር ይህ ብክነት በመቶኛ ይጨመርበት።

የቢሮው የካርበን ቁጥሮች ዝርዝር በአንድ ሰው እጅ ይሁን። አንድ ፋብሪካ የራሱን የተረጋገጠ ቁጥር ሲያወጣ አማካዩን ሰርዛችሁ ያንን አስገቡ። ከጎኑ ቀኑንና ያስገባውን ሰው ስም ጻፉ።